ቺለራችንን ያቆመው ቀንድ አውጣ

ጥር ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበህም ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፋብሪካችን ቺለር፣ ውሃ የሚያቀዘቅዝልን ማሽን፣ ቆመ። ምክንያቱን ስናይ ሙቀቱን በቱቦ ለሚያልፍ ውሃ የሚያስረክበው ክፍል፣ የኮንደንሰሩ፣ ግፊት ከልክ አልፏል፣ ማለትም ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል። ውጭ ውርጭ ይወርዳል፣ ማሽኑ ሞቀኝ ብሎ ይቆማል!

ሪሴት አድርገን አስነሳነው። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ደገመው። ተረኛው ኤሌክትሪሺያን ሴንሰሩ ነው አለ። እኔም ልቤ ወደዚያው አዘነበለ፤ ሴንሰር መቀየር ቀላል ነዋ።

ጠዋት የኮንደንሰሩን ክዳን ስንፈታ ነገሩ ወጣ። የቱቦዎቹ አፍ ላይ ቀንድ አውጣ ተወትፏል። ከምስር እስከ ባቄላ ያክላሉ። አንዱን በእስክሪብቶ ጫፍ ነቅዬ ሳወጣው ከኋላው ጥቁር፣ ንፍጥ የመሰለ ጭቃ እንደ ጥርስ ሳሙና ተከትሎት ወጣ። ጠረኑ የረግረግ ነው። ከሦስት ቱቦ አንዱ እንደዚያ ነበር።

ማጣሪያ እያለን እንዴት ገቡ? ሲገቡ ትልቅ አይደሉም፣ ይኸው ነው። በክረምቱ የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሽቶ ለጥቂት ሳምንታት ከኩሬ ስንቀዳ ነበር። ጫጩቱ በማጣሪያው ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል፣ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና አልጌ ይጠብቀዋል፣ የሞቀውን ውሃ በአየር ከሚያበርደው ማማ፣ ከኩሊንግ ታወሩ፣ ሥር ደግሞ ማንም ለዓመታት ያልነካው ደለል አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ቱቦዎቹን በብሩሽ ጠረግንና ቅዳሜ ማታ እኔ አንድ ጀግንነት ሠራሁ። የክሎሪን ዱቄት በባልዲ በጥብጬ በአንዴ የታወሩ ገንዳ ውስጥ ደፋሁት። እሁድ ግቢው በሙሉ በረኪና በረኪና ሸተተ። ሰኞ ቀንድ አውጣዎቹ ድርቅ ብለው ስላየሁ በጣም ኮራሁ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው መካኒካችን አንዱን አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡትና፣ «ልጄ፣ ይሄ የሞተ መስሎሃል? በሩን ዘግቶ ተኝቷል እኮ» አሉኝ። ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት። ከሻይ ሰዓት ስንመለስ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እየወጣ ነው።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። በዓለም ላይ በዚህ በኩል ጭንቅ ያየው የኃይል ማመንጫ ነው፤ ጠላቱ ደግሞ ቀንድ አውጣ ሳይሆን ሁለት ክዳን ያለው የእስያ ዛጎል ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1938 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ታየ፣ ከዚያ እንደ እኛ እምቦጭ አገሩን አዳረሰው። ራሱን በራሱ ስለሚያራባ አንድ ብቻውን ቢገባም ይበቃዋል። በ1980 እ.ኤ.አ. አርካንሳስ የሚገኝ አንድ የኑክሌር ጣቢያ የማቀዝቀዣ ውሃው በዚሁ ዛጎል ስለታፈነ ቆሟል። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ፍጥረት ክሎሪን ሲቀምስ ክዳኑን ገጥሞ ለቀናት ይጠብቅሃል። ስለዚህ ኃይል ማመንጫዎቹ ትንሽ ትንሽ ክሎሪን ሳያቋርጡ ለሳምንታት ይሰጡታል። ጋሼ ሳያነቡ የነገሩኝ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ፒኤች፣ የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ያንሳል። የእኛ ውሃ ታወሩ ላይ እየተነነ ሲከር ፒኤቹ 8.5 ይደርሳል። እዚያ ላይ የክሎሪኑ ገዳይ ክፍል ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ስሙ ብቻ ክሎሪን ነው። የከረረውን ውሃ ቶሎ ቶሎ እየቀነስን አዲስ መተካት ጀመርን፣ ፒኤቹን ለማውረድ አሲድም በጥቂቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ አሲድና በረኪና አንድ ባልዲ አይጋሩም። አንድ የቀን ሠራተኛ በአሲዱ ባልዲ ክሎሪን ሊቀዳ ሲል ጮኼ አስቆምኩት። ቢቀላቅለው የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጨርሳል። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ ነበር፣ ባልዲዎቹ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

በመጨረሻ የሠራልን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደለሉን በአካፋ አወጣን፤ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ማንም አልወደደውም። ከዚያ መድኃኒቱን በልክ የሚያንጠባጥብ ትንሽ ዶዚንግ ፓምፕ ገጥመን ክሎሪኑን 0.5 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ይዘን ሦስት ሳምንት ሳናቋርጥ ሰጠን። በየሺፍቱ እንለካለን።

ያልጠበቅኩት ሲሞቱ የመጣው ነው። በሕይወት ያለው ይጣበቃል፣ የሞተው ይለቃል። በዘጠነኛው ቀን ዛጎሉ ተግተልትሎ መጥቶ ውሃውን የሚያዞረውን ትልቁን ፓምፕ ማጣሪያ ዘጋው፣ ፓምፑም ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ መንኳኳት ጀመረ። እኛ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ነን፤ በባሕር ዳርቻ አየሩ በክብደቱ ውሃን 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል፣ እዚህ ግን ከ7 ብዙም አይዘልም። ቆላ ላይ ያለ ፓምፕ የሚታገሠው መዘጋት እዚህ ወዲያው ያስጮኸዋል። አራት ቀን በየሁለት ሰዓቱ ማጣሪያ አጠብን። አሁን ቢሆን መጀመሪያ ሁለተኛ ማጣሪያ ጎን ለጎን እገጥም ነበር።

የምናወጣውን ውሃም ዝም ብለን አልለቀቅነውም። ከታች ከብት ይጠጣል። ክሎሪኑ እስኪጠፋ ገንዳ ውስጥ አቆይተን፣ ለክተን ነው የለቀቅነው።

መስከረም ላይ ኮንደንሰሩን እንደገና ከፈትን። ቱቦዎቹ ያብረቀርቃሉ። አንዱ ውስጥ ብቻ ሦስት ቀንድ አውጣ አገኘን። ጋሼ ምንም ሳይሉ ብርጭቆ አመጡ። ከሻይ ስንመለስ ሁለቱ እንደተጋደሙ ናቸው። ሦስተኛው ቀንዱን አውጥቷል።