ፊርማ የሌለው ኖት

ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ የአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ገበያ ላይ ዋልኩ። በጣም ነው የወደድኩት!

እ.ኤ.አ. ከ1863 በፊት በየግዛቱ ፈቃድ ያገኙ የአሜሪካ ባንኮች የየራሳቸውን የወረቀት ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። በ1865 የወጣው ሕግ 10 በመቶ ግብር ሲጥልባቸው ኖቶቹ ከገበያ ወጡ።

አንድ ሻጭ ሁለት ኖቶች ጎን ለጎን ዘረጋልኝ። አንደኛው የኒው ኦርሊንሱ የካናል ባንክ ነው። ንጹህ፣ እጥፋት እንኳ የለውም። የፕሬዚዳንቱና የገንዘብ ያዡ ፊርማ ቦታ ግን ባዶ ነው። ሥራ ላይ ሳይውል የቀረ ስለሆነና ብዙ ስለተረፈ ዋጋው አይወደድም። ሌላኛው ጠርዙ ያለቀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የአንድ ትንሽ ከተማ ባንክ ኖት ነው። ፊርማው በእጅ፣ በቀለም ተጽፏል። የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ከቆንጆው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔም ብሆን ይሄኛውን ነው የምመርጠው፤ ሰው እጅ ገብቶ የሠራ ገንዘብ ነዋ!

ወዳጆቼ፣ 1840 የሚል ቀን የተጻፈበት የ1,000 ዶላር ኖት ቤታችሁ ካለ መለያ ቁጥሩን እዩት። 8894 ከሆነ ለማስታወሻ የታተመ ቅጂ ነው። ወረቀቱ ቢጫና ደረቅ መሆኑ አያታልላችሁ፤ ያረጀ እንዲመስል ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው።