ዕዳ ከሜዳ፦ የማላውቀው የሕክምና ሂሳብ ከክሬዲት ሪፖርቴ እንዴት እንደወጣ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከባለቤቴ ጋር ቤት ለመግዛት ብድር በጠየቅንበት ሳምንት፣ የብድር ሠራተኛው ደውሎ በክሬዲት ሪፖርቴ (የአንድ ሰው የብድርና የዕዳ አከፋፈል ታሪክ በሚያዝበት መዝገብ) ላይ በስሜ የ1,386 ዶላር የሕክምና ኮሌክሽን፣ ማለትም ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሂሳብ፣ መመዝገቡን ነገረኝ። ከዓመት ተኩል በፊት የኩላሊት ጠጠር አሞኝ ሌሊት ኢመርጀንሲ ገብቼ ነበር፤ ሐኪም ቤቱ የጠየቀኝን ድርሻዬን ግን በወቅቱ ከፍዬ ደረሰኙን ስላስቀመጥሁ ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያላወቅሁት ነገር ያከመኝ ሐኪም የሐኪም ቤቱ ተቀጣሪ አለመሆኑንና የሚሠራበት የሐኪሞች ድርጅት ለብቻው ሂሳብ የሚልክ መሆኑን ነው። ከአንድ ሌሊት ሕክምና ሁለት ሦስት ቢል ከተለያየ ቦታ እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የተስማማንበትን ቤት ባላጣን ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሪፖርቱን ማውጣት ቀላል ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ የሦስቱንም ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማግኘት ይቻላል። የእኔ ኮሌክሽን በሁለቱ ላይ ብቻ ስለነበር ሦስቱንም ማየት እንደሚያስፈልግ ተረድቻለሁ። ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ከሪፖርት ስለወጣ፣ ሂሳባችሁ ከዚያ ካነሰ በዚህ በኩል አትጨነቁ።

የተበላሸው ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። በዚያው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ለዕዳ ሰብሳቢው ድርጅት ደወልሁ። ያነሳችው ሠራተኛ ስሜንና የልደት ቀኔን ካረጋገጠች በኋላ፣ ሂሳቡ የምን እንደሆነ ብጠይቃት ዝርዝሩ እርሷ ዘንድ እንደሌለ ነገረችኝ፤ ወዲያው ግን ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኔን ለማሳየት የዛሬውን መቶ ዶላር ብከፍል እንደሚጠቅመኝ አስረዳችኝ። ከፈልሁ። አባቴ የሰው ገንዘብ ይዞ ማደርን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ነበር፤ እኔም ባለዕዳ ተብዬ ስጠራ አንገቴን ደፍቼ ካርዴን አወጣሁ። ምን እንደምከፍል ሳላውቅ፣ አንዲት ወረቀት ሳላይ መክፈሌን ባሰብሁ ቁጥር እስካሁን ያንገበግበኛል።

የፌዴራሉ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢው መጀመሪያ ባነጋገረን በአምስት ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲልክ ያስገድደዋል፤ ጽሑፉ በደረሰን በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ከተቃወምን ደግሞ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። በአንዳንድ ግዛቶች ጥቂት ገንዘብ መክፈል እንኳ የመክሰሻውን የይርጋ ጊዜ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ይህን ሁሉ ያነበብሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ ሌላ ስሕተት ጨመርሁበት። የክሬዲት ድርጅቶቹ ተቃውሞን በኢንተርኔት ማቅረብ ፈጣኑ መንገድ መሆኑን ስለሚናገሩ እንዳሉት አደረግሁ። ቅጹ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ጥቂት ስለነበሩ «ሂሳቡ የእኔ አይደለም» የሚለውን መረጥሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ተጣርቶ ትክክል ሆኖ መገኘቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር። የሰብሳቢው መዝገብ ላይ ስሜ፣ የልደት ቀኔና ያቺ መቶ ዶላር ነበሩ፤ ከዚህ ያለፈ ምርመራ የተደረገ አይመስለኝም። ስደውል ወደ ሰብሳቢው መሩኝ፤ ሰብሳቢው ወደ ሐኪሞቹ ድርጅት መራኝ፤ ድርጅቱ ደግሞ ሂሳቡ ከእጁ እንደወጣ ነግሮኝ መልሶ ወደ ሰብሳቢው ላከኝ። በሥራ ሰዓት ስልክ ይዤ የቆምሁባቸው ቀናት አሁንም ያናድዱኛል።

የብድር ሠራተኛው ቀሪውን እንድከፍል መከረኝ፤ ሦስቱ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የተከፈለን የሕክምና ኮሌክሽን ከሪፖርት ስለሚያወጡ ምክሩ ስሕተት አልነበረም። ባለቤቴም፣ «ክፈለውና እንገላገል» አለችኝ። እምቢ አልሁ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ልክ ነበርሁ ብዬ ባምንም፣ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ልቤ ይከፋል።

መፍትሔው የተገኘው ቀድሜ ልጠይቀው ይገባኝ ከነበረው ከኢንሹራንሴ ነው። በዚያ ቀን ሕክምና የቀረበ የክፍያ ጥያቄ እንዳለ ስጠይቅ፣ ከሐኪሞቹ ድርጅት የመጣው «በዚህ ስም አባል የለም» ተብሎ መመለሱን ነገሩኝ። በካርዴ ላይ የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ስም ነው፤ በዚያ ሌሊት የመዘገበችኝ ሠራተኛ ግን የአባቴን ስም የመጨረሻ አድርጋ የአያቴን ጭራሽ ትታዋለች። ሐኪም ቤቱ በካርዱ ቁጥር አስተካክሎት ነበር፤ የሐኪሞቹ ድርጅት ግን ቢሉን ወደ እኔ አዙሮ፣ ከለቀቅሁት ከቆየ አፓርታማ አድራሻ ላከው። ድርጅቱ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ስላለው፣ በራሱ ስሕተት ሳያስከፍል ያለፈበትን ሂሳብ ከታካሚው መጠየቅ በውሉ አይፈቀድለትም ነበር። ኢንሹራንሱ ይህንኑ በደብዳቤ ጻፈለት፤ ድርጅቱም ሂሳቡን ከሰብሳቢው መልሶ ዜሮ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ለሁለቱ የክሬዲት ድርጅቶች በተመዘገበ ፖስታ፣ ከመቀበያ ደረሰኝ ጋር፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ የዜሮ ሂሳቡን ወረቀትና የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዤ ላክሁ። ሕጉ ለማጣራት 30 ቀን ይሰጣቸዋል። ስጠብቅ በነበረበት በጥር 2025 የሕክምና ዕዳን ሁሉ ከክሬዲት ሪፖርት የሚያስወጣ የፌዴራል ደንብ ስለታወጀ፣ ዘመዶቼ በከንቱ እንደምደክምና ራሱ እንደሚጠፋ ነገሩኝ። አልሰማኋቸውም፤ ደንቡንም በዚያው ዓመት ሐምሌ በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሰረዘው። የእኔ ኮሌክሽን በየካቲት ከሁለቱም ሪፖርቶች ወጥቶ ነበር። መቶ ዶላሯ ግን አልተመለሰችልኝም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ለሰብሳቢ ከመደወላችሁ በፊት ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ፤ ኢንሹራንስ የሌላችሁ ደግሞ ሐኪም ቤቱ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን ጠይቁ፤ ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን አንሥቶ 240 ቀን ጊዜ አላችሁ። ተቃውሞን በፖስታ እንጂ በኢንተርኔት አታቅርቡ። እኔ ዛሬ ክሊኒክ በሄድሁ ቁጥር መዝጋቢዋን ስክሪኑን ወደ እኔ እንድታዞርልኝ እለምናለሁ፤ የአያቴ ስም በቦታው መኖሩን ሳላይ ፊርማዬን አላኖርም።