«የመጀመሪያዋን ዓይን ሳትሰሩ እለፏት» የሚለው ምክር ሹራብ የሚያበላሽበት ቦታ

የእጅ ሹራብ ልጀምር ስል አስቀድሜ የምወስነው ይህ ጠርዝ እንዲሁ የሚታይ ነው ወይስ ከሌላ ቁራጭ ጋር የሚሰፋ የሚለውን ነው። ሳልለይ የጀመርኩትን መጨረሻ ላይ መፍታት ግድ ሆኖብኛል።

ጠርዝ የሚላላበት ምክንያት ቀላል ነው። ዳር ያለችው ዓይን (መርፌው ላይ ያለችው አንዷ የክር ቀለበት) ጎረቤቷ በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው ሲገለበጥ የሚላላው ክር እሷ ላይ ይጠራቀማል። ብዙ ሰው መፍትሔው የመጀመሪያዋን ዓይን አጥብቆ መሳብ ይመስለዋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ አድርጌ ለፍቻለሁ። ሁለተኛዋ እስክትሠራ ድረስ ግን የመጀመሪያዋን የሚይዝላት ነገር የለም፣ ተመልሳ ትላላለች። የመጀመሪያዋን እንደወትሮው ሥሩ፤ መርፌውን ሁለተኛዋ ውስጥ ከከተታችሁ በኋላ ክሩን ሳቡና ቀጥሉ። ከልክ በላይ ከሳባችሁት ግን ዳሩ ከመሐሉ ያጥርና ሥራው ይጎብጣል።

ሁሉም መስመር ቀጥታ (መርፌው ከፊት ወደ ኋላ የሚገባበት) ለሆነ የአንገት ልብስ የመጀመሪያዋን ዓይን ሳይሠሩ ማለፉ ያምራል። ክሩን ከፊት አድርጉ፣ የመጀመሪያዋን ዓይን ለግልባጭ (መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ለሚገባበት) እንደሚገባ አድርጋችሁ ሳትሠሯት ወደ ቀኝ መርፌ አሻግሩ፣ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ኋላ መልሱና ቀሪውን ቀጥታ ሥሩ። ዳሩ እንደ ሰንሰለት ይሰለፋል።

ችግሩ ይህንኑ ለሹራብ ደረትና ጀርባ ሲያዝዙት ነው። ስንቱ መመሪያ «ሁልጊዜ እለፏት» እንደሚል ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። ያለፋችኋት ዓይን ሁለት መስመር ላይ ትዘረጋለች፤ ስለዚህ 120 መስመር ያለው ጎን ዳሩ ላይ 60 ሰንሰለት ብቻ ይኖረዋል። ስፌቱ በዚያ ሲያዝ በየሁለት መስመሩ አንዴ ብቻ ስለሚያዝ፣ ሹራቡ ሲለጠጥ ቀዳዳው አፉን ይከፍታል። የቁልፍ መስመር (ከጎኑ አዲስ ዓይን እየተነሳ የሚሠራው፣ ቁልፍ የሚተከልበት ጠርዝ) ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንድ መስመር ቀጥታ፣ አንድ መስመር ግልባጭ በሆነ ሥራ ከ4 መስመር 3 ዓይን ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል፤ ለ120 መስመር 90 ማለት ነው። ከ60ው ሰንሰለት አንድ አንድ ብቻ ካነሳችሁ የቁልፉ መስመር ጎኑን ይሸበሽበዋል፤ ከአንዷ ሰንሰለት ሁለት ለማውጣት ከሞከራችሁም ቀዳዳ ይቀራል። የሚሰፋ ጠርዝ ላይ ምንም ዓይን አትለፉ። ዳሯን በቀጥታው መስመር ቀጥታ፣ በግልባጩ መስመር ግልባጭ ሥሩ። ትንሽ ወጣ ገባ ብትል አትጨነቁ፣ ስፌቱ ውስጥ ትገባለች። እኔ ለማንም የማይታይ ዳር ለማሳመር ስል ስፌቱን አበላሽቻለሁ፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አዲስ ክር መቀጠል፦ ለሚሰፋው ዳር ላይ፣ ለአንገት ልብስ መሐል ላይ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ተርፎ። መዝጊያውን (ዓይኖቹ የሚዘጉበትን የመጨረሻ መስመር) በ0.5 ሚሊ ሜትር በወፈረ መርፌ ሥሩ፣ አለዚያ አፉ ይጨማደዳል። የሱፍ ክር ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ፣ በፎጣ ጨምቃችሁ፣ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ በስፒል ወጥራችሁ አድርቁ። ቀጥታና ግልባጭ መስመር የሚፈራረቅበት ሥራ ዳሩ መጠቅለሉ ግን በመወጠር ብቻ አይጠፋም፤ በየዳሩ 4 ዓይን በሁሉም መስመር ቀጥታ መሥራት ይቀንሰዋል።

ዳሩን እያለፋችሁ ቁራጩን ከጨረሳችሁ ደግሞ አትፍቱት። ስፌቱን አንድ ዓይን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ በሁለተኛዋና በሦስተኛዋ መካከል አስገቡት፤ እዚያ እያንዳንዱ መስመር የራሱ አግዳሚ ክር አለው። ስፌቱ ይወፍራል፣ ከየጎኑም ተጨማሪ አንድ ዓይን ወርድ ይበላል።