11 ዓመቱ የት ገባ?

ስለ ተዋጊ ጄት አብራሪው ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የሠራነው የሬዲዮ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የያኔው አለቃዬ ትእዛዝ አጭር ነበር። «ሚጎቹን አውራልኝ። ስንት እንደጣለ ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር።»

ሚጎቹን ማውራት አይከብድም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ሚግ 21 እና ሚግ 17 የሚባሉ የሶቪየት ተዋጊ ጄቶች ይዞ ነበር። በእኛ በኩል የነበሩት ኤፍ 5 ኢ የሚባሉት የአሜሪካ ጄቶች ጥቂት ናቸው። አብራሪዎቹ ግን በደንብ የሠለጠኑ ነበሩ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሰማዩ የኢትዮጵያ ሆነ። ለገሠ ከእነዚያ አብራሪዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው።

ለቃለ መጠይቅ ደብረ ዘይት የሠሩ አንድ ጡረተኛ ቴክኒሺያን ቤት ሄድኩ። መቅረጫውን ከፍቼ የአለቃዬን ጥያቄ አቀረብኩ።

«ጋሼ፣ ስንት ጣሉ?»

«እሱን ሌላ ሰው ይነግርሃል» አሉኝ። «እኔ የማውቀው አውሮፕላኑን ነው። አሜሪካ መለዋወጫ ከልክላን ነበር። ከአንዱ ፈተን ለሌላው እንገጥማለን። ሌሊቱን ስንሠራ አድረን ጠዋት ‹ይሄ ይበራል› ብለን እንፈርማለን። አብራሪው በእኛ ፊርማ ነፍሱን አስይዞ ይነሳል።»

«ለገሠ ያልተመለሱ ቀንስ?»

ዝም አሉ። መቅረጫው ይሠራል፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም። «ተመትቶ ነው ቢሉህም እንቅልፍ አይወስድህም» አሉ በመጨረሻ። «ያጠበቅከውን ብሎን አንድ በአንድ ታስታውሳለህ። እኔ ነኝ እንዴ ትላለህ። ይኼ ልጅ ደግሞ አልሞተም። ተይዟል። የሞተን አልቅሰህ ትቀብራለህ። የተያዘን ምን ታደርገዋለህ?»

ፕሮግራሙ ይኼ ነው ብዬ የወሰንኩት እዚያው ነው። የአየር ላይ ውጊያው የሳምንታት ጉዳይ ነበር። ጅጅጋ ነፃ የወጣችው በ1970 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ወታደሩ ወደየቤቱ ገባ፤ ለገሠ ግን ሶማሊያ እስር ቤት ቀሩ። የተፈቱት መንግሥቱና ዚያድ ባሬ በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ ነው። 11 ዓመት! የወጡበት አየር ኃይል በአሜሪካ አውሮፕላን የሚዋጋ ነበር። የተመለሱበት ደግሞ ሚግ የሚያበር ሆኗል። ሰማይ ላይ የተጋጠሙትን አውሮፕላን የገዛ ባልደረቦቻቸው ሲያበሩት ማየት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አስባለሁ።

የጋሼን ድምፅ ፊት አድርጌ ሠራሁት። አለቃዬ ሰማውና ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«እስር ቤት ሰው አይወድም። ጀግና ነው የምንሠራው።»

«ጀግንነቱ እኮ እዚያም ነው» አልኩት። «ሚግ ለመጣል ደቂቃ ይበቃል። 11 ዓመት በየቀኑ እንደ አዲስ መነሳት ነው።»

«ሜዳሊያውን የተሸለመው ታስሮ ነው እንዴ?»

ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ፤ መቁረጫው በእሱ እጅ ነበር። የተላለፈው ፕሮግራም ውስጥ እስሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘ። የጋሼ ዝምታ ተቆረጠ። ብሎኑም ተቆረጠ።

ስልኩ ሲጮህ ዋለ። አድማጭ ወዶታል፣ ስለ ሚጎቹ ደጋግሞ ጠየቀ። አለቃዬም «አላልኩህም?» አለኝ። ስለ አድማጩ ትክክል ነበር። ስለ ሰውየው ግን አልነበረም።

ማታ ላይ ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ያወራነው የት ገባ?» አሉኝ። እንደተቆረጠ፣ እኔም እንዳልተስማማሁ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ቴፑን አትጣለው» አሉ።

አልጣልኩትም። ከዚያ ወዲህ የወታደር ታሪክ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው መሬት ላይ ሆኖ የጠበቀውን ሰው ነው፤ እናቱን፣ ሚስቱን፣ መካኒኩን። አለቃዬ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሙሉውን ቅጂ ለአዲሷ አዘጋጅ ሰጥቻታለሁ፤ ሳይቆረጥ እንዲተላለፍ ነው የጠየቅኋት።