እንኳን አደረሳችሁ፤ በተለይ ውጤት ላልመጣላችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2017 ዓ.ም በሰላም አደረሳችሁ! ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ደርሷል፣ «አበባየሆሽ» ከጠዋት ጀምሮ ከደጃፍ አልጠፋም። ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣው ጳጉሜን 4 ነውና ዘንድሮ በዓሉ ብዙ ቤት የገባው ፊቱን አጥቁሮ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። አምና 3.2 ነበር። ተሻሽሏል ማለት ይቻላል፣ መጽናኛ መሆኑን ግን እንጃ።

እኔን ከውጤቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ የልጆቹ አነጋገር ነው። አንዱ የሰፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» አለኝ። የወደቀው አንድ ፈተና ነው፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አብሮ ጣለው። ማርቲን ሴሊግማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሠርቷል። ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ክፉ ነገር ሲገጥመው «መቼም አይለወጥም፣ ሁሉ ነገሬን ያበላሸዋል፣ ጥፋቱም የኔ ነው» ይላል ለራሱ። ደግነቱ ይሄ የተለማመድነው አስተሳሰብ ስለሆነ ሌላ መልመድም ይቻላል።

ስለዚህ ልጁን ልመክረው አልሞከርኩም፤ በየትምህርቱ ስንት ስንት እንዳመጣ ጠየቅኩት። እንግሊዝኛው ደህና ነው። የጣሉት ሒሳብና ፊዚክስ ናቸው፤ ፊዚክስ ደግሞ ግማሹን ዓመት አስተማሪ አልነበራቸውም። እንግዲህ ከመቶ ልጅ ከዘጠና አራት በላይ ሲወድቅ ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ሊሆን አይችልም፣ ይሄንንም ፊት ለፊት ልንነግራቸው ይገባል። ወሬያችን «አልተፈጠርኩም» ከሚለው ወርዶ ስለ ሁለት ትምህርት ሆነ፣ ከዚያ ስለ ሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት)፣ ከዚያ ማን ሊያስጠናው እንደሚችል። ፊቱ ባይፈካም ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፤ ለኔ ይሄ በቂ ነው።

«አይዞህ፣ ያልፋል» ማለትን አልጠላም። ግን ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «የተማረ የት ደረሰ» ሲባል የሚሰማ፣ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ወንድም ያለው ልጅ በባዶ አይዞህ አይሸወድም። (የሞቲቬሽን ቪዲዮ የምትልኩላቸው ሰዎች፣ በናታችሁ ለዛሬ እንኳን ተዉአቸው።)

ደግሞ ታሪክ ስንነግራቸው መሃሉን እንዘላለን። ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ባርሴሎና ላይ በ1992 እ.ኤ.አ.፣ ሲድኒ ላይ ደግሞ በ2000 ወርቅ ማምጣቷን የማያውቅ የለም። በመሃሉ አትላንታ ላይ አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳሊያ መመለሷን፣ ከዚያም ወልዳ እንደገና ልምምድ መጀመሯን ግን ስንቱ ልጅ ሰምቷል? አሁን ውጤት ያልመጣለት ልጅ ያለው እዚያ መሃል ላይ ነው፤ የሚጠቅመውም የዚያ ዘመን ታሪክ ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ መሃል አላችሁ። ሥራ ያጣችሁበት፣ የደገማችሁበት፣ ከዘመድ ቤት የተጠጋችሁበት ዓመት። ዛሬ ቡናው ሲፈላ፣ እንግዳው ከመብዛቱ በፊት፣ እስቲ አጫውቷቸው፤ እንዴት እንደወጣችሁበት፣ ማን እንዳገዛችሁ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባችሁ ሳትደብቁ። ውጤቱን ግን ሰው ፊት አትጠይቁት። ዶሮውን በሰላም ይብላ።

መልካም አዲስ ዓመት!