መልኬን ይዘኸው ልትሄድ ነዋ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እስኪደርስ የፊልም ካሜራዬን ዜኒቷን አውጥቼ በጨርቅ ስወለውል፣ ባለቤቴ «አሁንስ ከልጆቹ አስበለጥካት» አለችኝ። አንድ ኪሎ ልትሞላ ምንም አይቀራት፣ ብረት ናት። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣት ዜኒት ኢ ናት። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም። የብርሃን መለኪያዋም ከሞተ ቆይቷል፤ እኔም አልናፈቅኩትም። ባለ 400 ፊልም ከጎረሰች የደብረ ማርቆስ የበጋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የሚፈልገውን እጄ ያውቀዋል፦ ፍጥነቱ 500 (የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ)፣ የብርሃን ቀዳዳው 16፣ ጠባቡ። ከዚያ ወዲያ መሄጃም የላትም። ደመና ከመጣ ወደ 8 እከፍታለሁ፣ አለቀ።

«ስልክ እያለልህ ምን ያለፋሃል?» የማይለኝ ሰው የለም። ስልኬ ውስጥ አራት ሺህ ምናምን ፎቶ አለ፤ የልጄ ልደት ብቻ 212። አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም። ፊልሙን ግን እህቴ ናት ከውጭ በዓመት አንዴ የምታመጣልኝ፣ አምስት ጥቅል ኢልፎርድ ኤች ፒ 5፤ ጨረሩ እንዳያበላሸው «በእጅ ፈትሹልኝ» እያለች ከኤርፖርት ፈታሾች ጋር ተከራክራ። አምስት ጊዜ 36፣ 180 ፎቶ። የዓመት ቀለቤ እሱ ነው፤ ቀለብ ደግሞ ተሰፍሮ ነው የሚበላ።

ኪሳራም አለው። አንድ ጊዜ ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ወርጄ ቀኑን ሙሉ አቧራ ስቅም ዋልኩ። 36 ደረስኩ፣ 37 አለች፣ 38 አለች፣ ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። 40 ላይ ነው ሆዴ የፈራው። ለካ የፊልሙ ጫፍ መጀመሪያውኑ አልተያዘም ኖሮ፣ ያ ሁሉ ፈረስ ባዶ ጥርስ ላይ ነው የጋለበው። ፊልሙ ሲሄድ በግራ በኩል ያለችው መጠቅለያ አብራ መዞር ነበረባት። አሁን እሷን በዓይኔ ሳላይ ሁለተኛውን አላነሳም።

ፊልሙን የማጥበው ራሴ ነኝ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ። መብራቱን አጥፍቼ እጄን ሁለት ጋቢ ሥር ከትቼ ፊልሙን ታንኩ ውስጥ እጠመጥማለሁ። ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት፣ ዲ-76፣ ውኃው 20 ዲግሪ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ የእኛ የክረምት ቧንቧ ደግሞ አጥንት ይሰብራል፣ ከማንቆርቆሪያው ትንሽ ትንሽ እያልኩ አሞቀዋለሁ። ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ በየደቂቃው ለአሥር ሰከንድ ማገላበጥ። ከዚያ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር፣ ከዚያ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ማንጠልጠል። ነጠላው ጠቁሮ፣ ፊቱ ነጥቶ፣ ሰማዩ ከሰል መስሎ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ኔጋቲቩን ወረቀት ላይ አተልቆ የሚያትም ማጉያ የለኝም። ኔጋቲቩን ነጭ ስክሪን ላይ አስደግፌ በዚያው ሳማው በቆየሁት ስልክ አነሳውና ገልብጬ ፎቶ ቤት አሳትመዋለሁ። ለባለቤቴ አትንገሩብኝ እንዳልል፣ ስልኩም የእሷ ነው፤ የተሻለ ካሜራ አለው።

ፖስታው ግን መደርደሪያው ላይ ነው፤ ቡናውን ይዤ ዛሬም እሱን እያየሁ ነው። ሁለት ዓመት አለፈው። ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ጮቄ ሥር፣ ባና የደረቡ እናት ደጃፋቸው ላይ ገብስ በሰፌድ ሲያበጥሩ አገኘሁና አስፈቅጄ ቆምኩ። ዜኒት አስተካክለህ ስትጨርስ ቀዳዳውን በእጅህ ነው የምትዘጋው፤ ስትዘጋው ፊትህ ያለው ሁሉ ይመሻል። ሴትዮዋ ጨለሙብኝ፣ የሰፌዱን ክብ ብቻ እያየሁ የካሜራዋን ቁልፍ ተጫንኩ።

«እስቲ አሳየኝ» አሉ።

«አይታይም እማማ፣ ገና ይታጠባል።»

«ይታጠባል?» ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። «የልጅ ልጄ እኮ ወዲያው ነው የሚያሳየኝ። አንተ መልኬን ይዘኸው ልትሄድ ነዋ!»

«አመጣልዎታለሁ።»

«በጊዮርጊስ በል።»

በጊዮርጊስ አልኩ።

በዓመቱ ካነሳኋቸው ሁሉ የወጣልኝ እሱ ነው። እብቁ አየር ላይ ቀርቷል፣ አንድ ዓይናቸውን ከአቧራው ጨፍነዋል፣ የባናው ጥለት አንድ በአንድ ይቆጠራል። በትልቁ አሳትሜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። እስከዚያ ፊልምን የምወደው ለዚሁ ነበር፣ ተበድሬ ስለምሄድና ለመክፈል ስለምመለስ፤ ስንት ቤት ቡና የጠጣሁት ፎቶ ላደርስ ሄጄ ነው። ከዚያ መንገዱ እንደምታውቁት ሆነ። ዛሬ ይኬዳል ሲባል ነገ አይኬድም። ስልክ ቢሆን እዚያው አይተው፣ ስቀው፣ ይጨርሱ ነበር። ይቺን ሐሳብ አልወዳትም፣ ግን ማታ ማታ ትመጣለች።

ትናንት መናኸሪያ አንድ ሾፌር ወደዚያ እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ቤታቸውንም በምልክት ያውቀዋል። ሮጬ ሄጄ ፖስታውን አመጣሁ። መስኮቱ ድረስ ዘርግቼለት እጄን መለስኩ። የማልኩት እኔ ነኝ።