«ከመብራት ኃይል ነው የምንደውለው»

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ በኩል ወፍጮ ቤቱም ብሎኬት ማምረቻውም ወሬው አንድ ነው፦ «ውዝፍ አለባችሁ፣ በግማሽ ሰዓት ካልከፈላችሁ ይቆረጣል» የሚል ስልክ። ሰዓት መርጠው ነው የሚደውሉት፤ እህል ተከምሮ፣ ሞተር እየሠራ፣ ባለቤቱ ሳይኖር። ሠራተኛው ልጅ ይደነግጣል፣ ብሩን ይልካል።

ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ የመብራት ኃይል ጥሪ ማዕከል 905 ደውሉ። ወይም ቴሌብር ላይ የውል ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ዕዳውን እዩ። በግለሰብ ስልክ ወይም ሒሳብ ላኩ ካሏችሁ ሌባ ነው፣ አለቀ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁማ ቀድማችሁ ነው የምትሞሉት፤ «የወር ቢል ውዝፍ» ሲባል ጠርጥሩ።

በአካል ከመጣ ባጁን ፎቶ አንሱ፤ አገልግሎት መስጫ ጣቢያው ደውላችሁ ሳታጣሩ የቆጣሪውን እሽግ አታስነኩ። እሽጉ ከተበጠሰ ጣጣው ለእናንተ ነው የሚተርፈው።

የውል ቁጥሩንና 905ን ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ጽፋችሁ ለጥፉ።